ጤነኛ የተባለው ደም

ጥር 7 ቀን 1979፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የመረጥኩት ሽፋኑ ላይ «የሰገራ ምርመራ» ስለሚል ነው። የላቦራቶሪያችን አሮጌ መዝገብ ነው፤ የፊቱ አሥራ ሁለት ገጽ ተሞልቶ ሌላው ባዶ ቀረ። የቀበሌ ፈታሽ ቤታችን ቢገባ እንኳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባሌ ዓለምነውም አይከፍተውም። የታሪክ መምህር ነው፣ የተጻፈ ነገር ካየ አያልፍም፤ ይህን ግን ገና ሽፋኑን ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ዛሬ የደነገጥኩት በከንቱ ይሆናል። ቢሆንም ልጻፈው።

ዶክተር ምናለ ከኅዳር ጀምሮ አንድ ጥናት ይዟል። የጉበት ካንሰር ሆድ ሳይነፋ፣ ዓይን ቢጫ ሳይሆን፣ ገና ሲጀምር ደም ውስጥ ይታይ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የሚመጡት በቃሬዛ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚደረግላቸው ነገር የለም። «ሁልጊዜ አመዱን ነው የምናየው፣ እስቲ ጭሱን እንየው» ይላል። ጭሱ የሚለው አንድ ፕሮቲን ነው። ልጅ በማህፀን ሳለ ጉበቱ ይሠራዋል፤ ከተወለደ በኋላ ይተወዋል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የጉበት ሕዋስ መበላሸት ሲጀምር ግን ያን የተወውን ሥራ እንደገና ይጀምረዋል። በሁሉም ሰው አይደለም፣ በብዙው ነው።

ምርመራው ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነው። የገበጣ ሰሌዳ የመሰለ ፕላስቲክ አለ፤ ጎድጎድ ያሉትን ቦታዎች እኛም እንደ ገበጣው ቤት እንላቸዋለን። የሰውየውን የደም ውኃ በመጀመሪያው ቤት እናደርጋለን፣ በሁለተኛው በግማሽ እናቀጥነዋለን፣ በሦስተኛው ያንኑ ደግሞ በግማሽ፣ እንዲያ እያልን እንሄዳለን። ከዚያ ቀዩን ፈሳሽ ጠብ ማድረግ ነው። ፕሮቲኑ ከሌለ ቀዩ ነገር ከሥር ተሰብስቦ እንደ ምስር ፍሬ ይቀመጣል። ካለ ይበተናል። የተበተኑት ቤቶች በበዙ ቁጥር ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጋር ለማመሳከሪያ የጤነኛ ሰው ደም መሠራት አለበት። ከውጭ የመጣው ማመሳከሪያ በኅዳር መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ተበላሸ። ደም የሚሰጥ ሰው ደግሞ የለም፤ ደማችሁን ወስደው ወደ ጦር ግንባር ይልኩታል ተብሎ በከተማው ተወርቷል። ስለዚህ እጄን ዘረጋሁ። ዶክተሩ ሳቀና «እትዬ መንበረ፣ እንግዲህ ጤነኛዋ እርስዎ ነዎት» አለኝ። በመዝገቡም ላይ ስሜ «ጤነኛ» ሆነ።

ኅዳርንና ታኅሣሥን የጤነኛዋ ደም ምስር ሆኖ ቁጭ ሲል ከረመ። ዛሬ የመጀመሪያው ቤት ተበተነ።

ፈሳሹ ደክሞ ይሆናል። ከተከፈተ ሁለት ወር አለፈው እኮ።

ጥር 10፣ እሑድ

ታላቅ ወንድሜ አያ የሻው ለጥምቀት ከመካነ ብርሃን መጣ። በዚያውም ለልጁ ሠርግ ጨርቃ ጨርቅ ሊገዛ ነው። አንድ ስልቻ ገብስ ይዞልኝ መጥቷል፤ በየዓመቱ እንደሚያደርገው። ስልቻውን ስፈታው ያ ሽታ ወጣ። ከተሜ ቢሸተው ሻግቷል ይላል፤ ለኔ ግን የእናቴ ቤት ሽታ ነው። የት እንደሚቀመጥ እዚህ አልጽፍም።

አያ የሻው አርባ ስምንት ሆነው። አባታችን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሲሞት ልክ በዚህ ዕድሜ ነበር። ይህን ሳስብ ቆየሁና «መቼም መጥተሃል፣ ደምህን ሳልመረምር አልለቅህም» አልኩት። «ምነው፣ ምን አጠፋሁሽ?» ብሎ ሳቀ። ቢስቅም እጁን አልከለከለኝም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ዶክተር ምናለ ራሱ ጠየቀው፣ እኔ ጻፍኩ።

«አያ የሻው፣ የወፍ በሽታ ይዞዎት ያውቃል?»

«በልጅነቴ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር። እሷም ትንሽ ሆና ይዟታል።»

«እህል የሚያስቀምጡት በምንድን ነው? በጎታ ነው በጉድጓድ?»

አያ የሻው ወደ እኔ አየ። ብዕሩን ይዤ ቁልቁል ወረቀቱን ሳይ ቆየሁ።

«በጎታ ነው ጌታዬ። ጎታ ነው።»

ጎታ ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተሩ የሚፈልገው ሻጋታውን ነው። መሬት ውስጥ በታፈነ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የጉበቱን ሕዋስ ያቆስላል ይላል። የወፍ በሽታው ቫይረስ ደግሞ የራሱን የዘር ጽሑፍ በሕዋሱ የዘር ጽሑፍ መካከል አስገብቶ ይሰፋል። የሚፈራው ሁለቱ በአንድ ጉበት ሲገናኙ ነው። አያ የሻው ግን የታየው ኮታው ነው። በእነሱ አገር ጉድጓድ አለው ማለት ለመንግሥት ማስረከብ የሚገባውን እህል ደበቀ ማለት ነው፤ አምና ጎረቤቱ በዚሁ ታስሯል። እኔስ ታዲያ ጎታ ብዬ ባልጽፍ ምን ልጽፍ ነበር?

ጥር 21፣ ሐሙስ

አርባ አንድ ሰው ተሠራ። አያ የሻው ሃያ ሰባት ቁጥር ነው።

ከሁሉ በፊት የጤነኛዋን አየሁ። ሁለት ቤት። ሃያ ሰባት ቁጥርም ሁለት ቤት። የቀሩት ሁሉ ምስር።

ዶክተር ምናለ ጋዋኑን እያወለቀ ለስብሰባ ሲጣደፍ ብቅ አለ። «የጤነኛዋስ? እንደ ወትሮው ነው?» አለኝ።

«እንደ ወትሮው ነው» አልኩት።

«ከሷ ያለፈ አለ?»

«ያለፈ የለም።»

«ተመስገን» ብሎ ሄደ። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ከጤነኛው ያላለፈ ጤነኛ ነው። የዋሸሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፈሳሹ ደክሟል፣ የደከመ ፈሳሽ ደግሞ የሁሉንም ደም ይበትናል። ያ ከሆነ ግን የቀሩት አርባው ለምን ምስር ሆኑ? ነገ አስበዋለሁ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

አያ የሻው ወደ ደባርቅ በአጀብ በሚሄደው ማኪና ሄደ። ወረቀት ካልሰጠሽኝ አልሄድም ብሎ ድርቅ ስላለ ጻፍኩለት፤ «ከጉበት በሽታ ነፃ»። ዶክተሩ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። እጥፍጥፍ አድርጎ ቆቡ ውስጥ ከተተው። የልጁ ሠርግ የካቲት 8 ነው፣ ብትቀሪ ወንድም የለሽም ብሎኛል።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ሁሉም ምሳ ወጥተዋል።

ከጽዳት ሠራተኛችን ከሐረገወይን ደም ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ለደም ማነስ ነው አልኳት። ከኔ ጎን ለጎን ሠራሁት።

የሷ ምስር።

የኔ ሁለት ቤት።

ፈሳሹ ደኅና ነው።

የካቲት 6፣ ዓርብ

እንግዲህ በቀስታ ላስበው። አርባ ዓመቴ ነው። በልጅነቴ የወፍ በሽታ ይዞኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ገብስ በልቻለሁ፤ ካገባሁ በኋላም በየዓመቱ በስልቻ ይመጣልኛል። አባቴ በዚሁ ሞቷል። ከገና በፊት ጀምሮ ምግብ ሲሸተኝ አንጀቴ ይገለበጣል፣ በተለይ ዘይት። የወር አበባዬ ከመስከረም ወዲህ ጠፍቷል፤ እሱ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሻው የሚመጣ ሲያሻው የሚቀር ነው፣ አርጅቼ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። አራት ጊዜ አርግዤ አራቴ ወርዶብኝ የመጨረሻው ሐኪም «ከእንግዲህ ተስፋ አያድርጉ» ካለኝ ስምንት ዓመት ሆነው። ቀሚሴ ከወገቤ ላይ ጠቦኛል። ሆዴ ነው እንጂ ሌላዬ ከስቷል፤ የአባቴም አጀማመር እንዲሁ ነበር። ክንዱ ቀጥኖ ሆዱ ይቀድመው ነበር።

ዓለምነው ምን ሆነሻል ይለኛል። ሥራ ነው እለዋለሁ። ብነግረው ምን ያደርጋል? ሲያለቅስ ማየት አልችልም።

ከዛሬ ጀምሮ ለማመሳከሪያ የሐረገወይንን ደም ነው የማስገባው። መዝገቡ ላይ «ጤነኛ» ነው የሚለው፣ ማንነቱን አይጠይቅም። ጥናቱም አይበላሽም። ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ሠርጉ ዛሬ ነው። አልሄድኩም፤ አሞኛል ብዬ ላክሁ። አሁን እየጨፈሩ ይሆናል።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ደስ አለኝ፤ አለመብላቴን ማንም አያስተውልም።

ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። ካድሬው ስለ ንቃት ሲናገር ከሌላ ከተማ የመጣ ወሬ አነሳ። አንድ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ የእርዳታ መድኃኒት አበላሽቶ ደብቆ ተገኘ፣ በአሻጥር ተከሶ ታሰረ። «ስህተት የለም ጓዶች፣ የተደበቀ ስህተት አሻጥር ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ደጋግሜ ሳላጨበጭብ አልቀረሁም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሲስተር ይርገዱ ዘወር ብላ አየችኝ። ይርገዱ አዋላጅ ናት፤ ዓይኗ ከመርፌ ይበልጣል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብያለሁ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ከአያ የሻው ደብዳቤ መጣ፣ የቄስ እጅ ጽሕፈት ነው። «ሠርጉ ሸጋ ሆኖ አለፈ። ያንቺን ወረቀት ለሠርገኛው ሁሉ አስነበብኩት። አባታችንን የገደለው እኔን ሳተኝ አልኳቸው። ምነው ቀረሽ? ጎኔን ትንሽ ይወጋኛል፤ የድካም ነው። ገብሱ ሲያልቅ ላኪብኝ።»

ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጎኑን የወጋው በእርግጥም የድካም ነው፤ ሦስት ቀን ቆሞ አስተናግዷል።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የራሴን እንደገና ሠራሁ። ባልሠራው ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቤት።

በአንድ ወር ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዶክተር ምናለ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ «እያደገ የሚሄድ ከሆነ አትጠራጠሩ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ሁለት ነርሶች ኮሪደር ላይ፤ «መንበረ ዘንድሮ ፊቷ ጠቆረ።» «ጾሙ ነው።» «ምን ጾሙ፣ የምትጾመው ለሁለት ነው እንዴ?» ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም።

ሆዴ ውስጥ ነፋስ ይገላበጣል። ስተኛ ይብሳል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ውኃ የቋጠረ ሆድ እንዲህ ያደርግ ይሆን? ዶክተር ምናለን መጠየቅ እችላለሁ። ከጠየቅኩት ግን ለምን ጠየቅሽ ይለኛል፣ ከዚያ መዝገቡን ይገልጣል፣ ከዚያ ጥር 21 ላይ ይደርሳል።

ዛሬ ፒያሳ ልብስ ሰፊው ዘንድ ቀሚሴን ለማስፋት ሄጄ ነበር። ሜትሩን ወገቤ ላይ ሲያዞር ዓይኔን ጨፈንኩ። ለዓለምነው ምን ትቼለት ነው የምሄደው? አንድ ልጅ እንኳ የለው። ይህን ሳስብ ከሰፊው ፊት አለቀስኩ፤ ምስኪኑ ሜትሩ የወጋኝ መስሎት ደነገጠ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ሲስተር ይርገዱ ዛሬ በጉልበት ወሰደችኝ። ከውይይት ክበብ ስንወጣ ክንዴን ይዛ «አንቺ፣ ነይ ወደዚህ» ብላ ማዋለጃው ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ምን ሆነሻል?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ለስንቱ በሽተኛ ነግሬያለሁ። በመጨረሻ «ጉበቴ ነው» አልኳት። «የአባቴ በሽታ ነው። ሦስት ቤት ደርሷል። ለማንም እንዳትነግሪ በማርያም።»

አስተኛችኝ። ሆዴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ቆየች። ከዚያ ቀንድ የመሰለችውን ማዳመጫ እምብርቴ ሥር ተክላ ጆሮዋን ለጠፈችባት። ፊቷን ነበር የማየው። መጀመሪያ ተኮሳተረች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መንበረ፣ ጉበትሽ ይረግጣል እንዴ?»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜም አልገባኝም።

«ስድስት ወር ሊሞላው ነው አንቺ ቂል! በዚህ ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረሽ!»

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ለዓለምነው ነገርኩት። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ ወጥቶ ሄደና ከፒያሳ ብርቱካን ይዞ መጣ፤ ጾም ላይ ሌላ ምን እንደሚገዛ ቢጠፋው ነው። አንዱን ልጦ በእጄ አስያዘኝ። እኔም ሳቅኩ። ከገና ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው።

ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ አነበብኩት፤ ልጅ በማህፀን ሳለ ጉበቱ የሚሠራው ፕሮቲን ብዬ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ልጁ ሲሠራው እናቲቱ ደም ውስጥ ይገባል። ፍርሃት የያዘው ሰው የሚያየው የፈራውን ብቻ ነው። ሁለቱ ቤት፣ ሦስቱ ቤት የልጄ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሥራ ላይ ነኝ።

የኔ ሁለት ቤት የልጄ ነው። የሃያ ሰባት ቁጥር ሁለት ቤትስ የማን ነው? የሻው ወንድ ነው።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ይህን ትናንት ነው ያወቅኩት ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ፈሳሹ ደኅና መሆኑን ያረጋገጥኩት የካቲት 5 ነው። ያን ዕለት የኔ ሁለት ቤት እውነተኛ ከሆነ የሱም እውነተኛ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ስለ ሆዴ፣ ስለ ቀሚሴ፣ ስለ ሞቴ። ስለ ወንድሜ የጻፍኩት ጎኑን የወጋው የድካም ነው የሚል ብቻ ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ለኔ የፈራሁት ሳይደርስ ቀርቶ ለሱ ደረሰ። ማነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

በጥር የተወሰደው ደም በበረዶ ተቀምጧል። አርባ አንዱንም ከሐረገወይን ደም ጋር እንደገና ሠራሁ። ስጠብቅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቁጥሩን አሳስቼ ጽፌ ይሁን፣ ሁለቱ ቤት የሌላ ሰው ይሁን ብዬ ለመንኩ። የሌላ ሰው ማለት የሌላ ሴት ወንድም ማለት እንደሆነ አውቄ ነው የለመንኩት።

ሃያ ሰባት ቁጥር፣ ሁለት ቤት። ሌላው ሁሉ ምስር።

ሰሌዳውን ይዤ ወደ ዶክተር ምናለ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ጥር 21 ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

«እንደ ወትሮው ነው አሉኝ።»

«ብዬዎታለሁ።»

መነጽሩን አወለቀ። ወጣት ነው፣ ያለ መነጽር የበለጠ ልጅ ይመስላል። በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይህ ነገር ሰኞ ስብሰባ ላይ ቢነሳ ምን እንደሚባል ያውቃሉ።» ከዚያ መዝገቡን ሳበና ከሃያ ሰባት ቁጥር ጎን «ለሁለተኛ ምርመራ ይጠራ» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ። «ሌላ አንጽፍም። ቶሎ ያስመጡት እትዬ መንበረ። ዕጢው ትንሽ ከሆነና በጉበቱ ባንድ ወገን ከሆነ አዲስ አበባ ቆርጠው ሊያወጡለት ይችላሉ።»

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ጎታ ነው ያለው እውነት ነው?»

«አይደለም» አልኩት።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

በቅሎ ላይ ወጥቼ ልሄድ ነበር። ይርገዱ «አምስተኛውንም ልትጥዪ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ዓለምነው በር ላይ ቆመ። ሆዴን እይዛለሁ፣ ወንድሜን አስባለሁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑልኝም። በመጨረሻ ዓለምነው እኔ እሄዳለሁ አለ። ለሱም እውነቱን አልነገርኩትም፤ ዶክተሩ እንደገና ሊያየው ይፈልጋል ነው ያልኩት።

የይለፍ ወረቀት ግን የለም። ቀበሌው «በዚያ በኩል ወንበዴ አለ፣ ምን ልትሠሩ ነው?» አለ። ነገ ኑ አለ። በማግስቱ ስንሄድ ሰኞ ኑ አለ።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ

ይለፉ ትናንት ተሰጠ። ዓለምነው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሄደ። አሥር ቀን ለአንድ ማኅተም።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

ብቻዬን ነኝ። ይርገዱ ከቤቷ ዶሮ ላከችልኝ። ልጁ ይራገጣል። በረገጠ ቁጥር ደስ ሊለኝ ይልና ሃያ ሰባት ቁጥር ይመጣብኛል።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

መጡ። አያ የሻው ዓመት በዓሉን ከልጆቼ ሳልውል አልንቀሳቀስም ብሎ ነው የዘገዩት። ገና በር ላይ ሆዴን ሲያይ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ዓለምነው ምነው መንገዱን ሁሉ ሳትነግረኝ! ለዚህ ነው የጠራችኝ?» አቀፈኝ። ክንዱ ቀጥኗል። ዓይኑን አላየሁትም፤ ማየት ስላልፈለግኩ ነው።

አንድ ስልቻ ገብስ ይዞልኛል።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ዶክተር ምናለ እጁን ከጎድኑ ሥር አስገብቶ ቁልቁል ዳሰሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ዳሰሰ። ደሙን እኔ ወሰድኩ፤ ሌላ ሰው ይውሰድልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ሰባት ቤት ተበተነ። ሰሌዳው እዚያ ላይ ስላለቀ ነው እንጂ ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር።

ዶክተሩ ስለ ሻጋታው ሲያስረዳው አያ የሻው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆይቶ ድንገት ቀና አለ። በዚያ ክፍል ሌሎች ስድስት በሽተኞች ተኝተዋል። «ጎታ ነው ያልኩህ ውሸት ነው ልጄ» አለ ጮክ ብሎ። «ካልጋዬ ሥር ጉድጓድ አለኝ። የአባቴ ከደጅ ነበር፣ ኮታው ሲመጣ እኔ ወደ ቤት አስገባሁት። ለኔስ ይሁን። ልጆቼ አሁንም ከዚያው ጉድጓድ እየበሉ ነው፣ አዲስ ሙሽራይቱም በስልቻ ወስዳለች። ምን ላድርግ? ንገረኝ!»

ዶክተሩ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ይድፉት» አለው። «ዛሬውኑ ይላኩና ይድፉት። ማንም ቢያይ ይይ።»

ውጭ ኮሪደር ላይ ነገረኝ። ዕጢው የጉበቱን ሁለቱንም ወገን ይዟል፤ አዲስ አበባም ቢሄድ የሚቆርጠው የለም። እስከ ክረምት ቢቆይ ነው። «በጥር ቢሆን» ብሎ ጀመረና ተወው። ቀጥል አልኩት። «በጥር ቢሆን ትንሽ ነበረች። ዕድል ነበረው።» ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ጸሐይ ካልጋው እግር ስትደርስ፣ ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ። የአባታችን በሽታ መሆኑን ነገርኩት፤ እሱን ቀድሞ አውቆታል። ከዚያ ሌላውን ነገርኩት። ወረቀቱ ሐሰት እንደነበረ። ከየካቲት ጀምሮ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ። ለራሴ ፈርቼ እንደሆነ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«በየካቲት ብትነግሪኝ ሠርጉን አፈርሰው ነበር» አለ። «ልጄን ዳርኩ። ፋሲካን ካምስቱም ልጆቼ ጋር በላሁ። ያቺ ወረቀት ቆቤ ውስጥ ሆና ሁለት ወር ሙሉ እንደ ጎረምሳ ስሄድ ነበር፣ ሰው ሁሉ ምን በልቶ ነው እስኪለኝ ድረስ።» ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ያዘ።

ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ መንበርዬ። ያኔውኑ ነግረሽኝ ብመጣ ኖሮ የሚለወጥ ነገር ነበረው?»

ልጁ በሆዴ ተገላበጠ። እጄን በእጁ ይዞ ነበር።

«የለም አያ የሻው» አልኩት። «ምንም አልነበረም።»

«እንዲያ ከሆነማ ሸጋ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።